የባካፕ ፋይላችን መጠኑ አንድ ቦታ ቆሟል፤ ታካሚዎቻችን ውስጡ አሉ?

ሲስተር ከክትትል ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ የክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ሁለት ሐኪም፣ ሦስት ነርስ፣ አንድ ላቦራቶሪና አንድ ካርድ ክፍል ነው ያለን። ሲስተሙን የተከለልን ልጅ ሌላ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ የሰርቨሩ ነገር ወደ እኔ መጣ። በደንብ ልይዘው ስለምፈልግ ነው የምጠይቃችሁ።

የታካሚዎችን መዝገብ የምንይዘው በኦፕንኢኤምአር ነው፤ ከሥሩ ያለው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ነው። ሰርቨሩ ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ የተቀመጠ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ነው። በየቀኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ የተቀጠረ ትእዛዝ ራሱ ይነሳና የዳታቤዙን ግልባጭ፣ ማለትም ባካፑን፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክቶ በሚያድር ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጽፋል። ፍላሹ ላይ በሳምንቱ ቀናት የተሰየሙ ሰባት ፋይሎች አሉ፤ የዛሬው ሰኞ ያለፈውን ሰኞ ይተካል። እኔ ጠዋት ጋዋኔን ሳልለብስ ፍላሹን ከፍቼ የትናንትናው ፋይል ቀኑ መታደሱን አያለሁ፣ ደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ልጁ ሲሄድ ያሳየኝ ይህን ነው፤ አንድም ቀን አልዘለልኩም።

ትናንት ግን ቀኑን አይቼ ልዘጋው ስል ዓይኔ ከጎኑ ባለው የመጠን ዓምድ ላይ አረፈ። 4,194,304 ኪሎባይት። ከላዩ ያለውም 4,194,304። ሰባቱም አንዲት ቁጥር ሳትዛነፍ እኩል ናቸው። እሑድ ዝግ ነን፣ ሰኞ ከ60 በላይ ታካሚ እናያለን፤ የእሑድና የሰኞ ፋይል እንዴት እኩል ይሆናል? ደብተሬን ወደ ኋላ ገልጬ ብፈልግ የጻፍኩት ቀኑን ብቻ ነው፤ መጠኑን አንድም ቦታ አልመዘገብኩትም። አንድ ሕፃን ተመዝኖ ክብደቱ ካለፈው ወር ጋር እኩል ሲሆን ዝም ብዬ አላሳልፈውም፤ ሚዛኑን አያለሁ፣ እናቱን እጠይቃለሁ። ይህም እንደዚያ ሆነብኝ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የምፈራው ይህን ነው። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ አንድ አባት አሉን፤ መጠኑ ስንት ጊዜ እንደተቀየረና በየጊዜው የአይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ውጤታቸው ስንት እንደነበር የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው። ፔኒሲሊን ወስዳ ጉሮሮዋ አብጦ ለጥቂት የተረፈች ልጅ አለች፤ እሷም መዝገቡ ላይ በቀይ ተጽፋለች። ሰርቨሩ ነገ አልነሳ ቢል እነዚህን ሰዎች በምን አገኛቸዋለሁ? እባካችሁ፣ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ፣ ዛሬውኑ ማድረግ ያለብኝንም ጨምራችሁ ንገሩኝ።


ዳታቤዝ ጠባቂ፦

ሲስተር፣ ያስተዋሉት ነገር ትልቅ ነው። ላስደነግጥዎት አልፈልግም ነበር፤ ግን እነዚህ ፋይሎች ሙሉ ናቸው ብዬ አላምንም። ይህን የሚያሰኘኝ ቁጥሩ ራሱ ነው። 4,194,304 ኪሎባይት ልክ 4 ጊጋባይት ነው። ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አንድን ፋይል መያዝ የሚችለው 4 ጊጋባይት ሊሞላ አንድ ባይት እስኪቀረው ድረስ ብቻ ነው። ፍላሹ ላይ የቱንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖር ከዚያ አያልፍም። ባለ 32 ጊጋ ፍላሾች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ በፋት32 ናቸው። ፍላሹን በቀኝ በኩል ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ሲገቡ ያዩታል።

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ዳታቤዛችሁ ትንሽ ሳለ ግልባጩ በደህና ይጻፍ ነበር። እያደገ ሄዶ 4 ጊጋ ያለፈ ዕለት ግልባጩ ጣሪያውን ነካና መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ፋይሉ ግን አለ፣ ቀኑም የዕለቱ ነው። በማግሥቱም እንደዚያው። ፋይሎቹ በየሳምንቱ ስለሚተካኩ ደግሞ ሰባት ቀን ሳይሞላ ሙሉ የነበሩት ሁሉ በጎዶሎ ተተኩ።

ለማረጋገጥ የፋይሉን ጭራ ይዩ። የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት በሆነው ፓወርሼል ላይ «ጌት ኮንተንት» የሚለውን ትእዛዝ «ቴይል 5» ከሚለው ጋር ቢሰጡት የመጨረሻዎቹን አምስት መስመሮች ብቻ ያወጣልዎታል። በኖትፓድ ለመክፈት አይሞክሩ፣ ፋይሉ ስለሚከብደው ኮምፒውተሩ ይደርቃል። ማይኤስኪውኤል ዳምፕ በሚባለው ግልባጭ አንሺ ፕሮግራም የተሠራ ጤነኛ ግልባጭ መጨረሻው ላይ «ዳምፕ ኮምፕሊትድ» ብሎ ቀንና ሰዓት ይጽፋል። ያ መስመር ከሌለ ግልባጩ ሳያልቅ ቀርቷል።

ሌላም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ይህ ፕሮግራም ሰንጠረዦቹን የሚገለብጠው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው፤ ስለዚህ የሚቀሩት ሁልጊዜ ኋላ ያሉት ናቸው። ኦፕንኢኤምአር ውስጥ «ሎግ» የሚባል ሰንጠረዥ አለ፤ ማን መቼ የትኛውን መዝገብ እንደከፈተ የሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚያብጠው እሱ ነው። አለርጂና የቆዩ ሕመሞች የሚቀመጡበት «ሊስትስ» ከእሱ በፊት ይመጣል። የታካሚዎቹ ስምና አድራሻ ያለበት «ፔሸንት ዳታ»፣ የመድኃኒት ማዘዣዎቹ ያሉበት «ፕሪስክሪፕሽንስ»፣ የላቦራቶሪ ውጤት ያለበት «ፕሮሲጀር ሪዛልት» ግን ሁሉም ከእሱ በኋላ ናቸው። የተቆረጠው ሎግ ላይ ከሆነ የዚያች ልጅ አለርጂ ፋይሉ ውስጥ ተርፏል፤ የማን እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ነው የሌለው።

ዛሬ የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ፍላሹን ፎርማት አያድርጉ፣ ምንም ነገር አይሰርዙ። ግልባጩ በእጅዎ ሳይገባ ሰርቨሩን አያጥፉ፣ ዊንዶውሱንም አፕዴት አያድርጉ፤ በዓለም ላይ ያለው ብቸኛ ሙሉ ቅጂ ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ነው። አዲስ ኤክስተርናል ዲስክ ያምጡ፣ የ4 ጊጋ ጣሪያ በሌለው በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ያድርጉት፣ ዊንዶውሱ ፕሮ ከሆነ በቢትሎከር፣ ካልሆነ በቬራክሪፕት ይቆልፉት። ክሊኒኩ ሲዘጋ ግልባጩን ወደዚያ ያውጡት። ትእዛዙ ውስጥ «ሲንግል ትራንዛክሽን» የሚለው መኖሩን ያረጋግጡ፤ ሰንጠረዦቹ ኢኖዲቢ የሚባለው ዓይነት እስከሆኑ ድረስ ግልባጩ የአንዲት ቅጽበት ምስል ይሆናል፣ በመካከል የተጻፈ ነገር አያምታታውም። የማይኤስኪውኤልን የዳታ ፎልደር ግን ዳታቤዙ እየሠራ ሳለ እንዳለ ኮፒ ማድረግ አይሆንም፤ እንደዚያ የተወሰደ ቅጂ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይነሳም።


ሲስተር ከክትትል ክፍል፦

እግዜር ይስጥልኝ። ያልከው ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ። ፍላሹ ፋት32 ነው። ጭራውን አወጣሁት፤ የመጨረሻው መስመር ሎግ ውስጥ ነው፣ የላቦራቶሪ ባልደረባችን መግቢያ ስም ሦስተኛው ፊደል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሰባቱንም አንድ በአንድ አየኋቸው፤ «ዳምፕ ኮምፕሊትድ» የሚል አንድም አላገኘሁም።

ማታ ታካሚ ካለቀ በኋላ አዲሱን ዲስክ ሰክቼ ግልባጩን አወጣሁ። እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነሳሁም። 4,194,304ን ሲያልፍ አየሁት፣ መጨረሻ ላይ 5,187,460 ኪሎባይት ላይ ቆመ። ጭራውን ሳወጣው «ዳምፕ ኮምፕሊትድ» ብሎ ከነሰዓቱ መጣ። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ አለቀስኩ። ደብተሬ ላይም ሁለት አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፤ አንዱ ለመጠን፣ አንዱ ለመጨረሻው መስመር።

ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። አንደኛ፣ ይህን ያህል ጊዜ ሲቆረጥ ኮምፒውተሩ ለምን አንድም ቀን አልነገረኝም? ሁለተኛ፣ ዲስኩን እንደ ፍላሹ ሰክቼ ልተወው ወይስ ልንቀለው?


የቀድሞ ባለ ክሊኒክ ሐኪም፦

ሲስተር፣ ንቀዪው። ሥራው እንዳለቀ ንቀዪና ከሕንፃው አውጪው። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው።

የራሴን ክሊኒክ በማስተዳድርበት ጊዜ ባካፓችን ሙሉ ነበር፣ በየሌሊቱ በደህና ይጻፍ ነበር። ዲስኩ ግን እንደ እናንተ ፍላሽ ተሰክቶ ያድራል። አንድ ጠዋት ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ «ዶክተር፣ ሲስተሙ አልከፍት አለ» ብላ ጠራችኝ። ስንገባ የፋይሎቹ ስም ሁሉ ጭራው ተቀይሯል፤ ዴስክቶፑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተቀምጧል። ሮጬ ወደ ባካፑ ዲስክ ሄድኩ። እሱም ተቆልፏል። ለሰርቨሩ ያ ዲስክ እንደ ማንኛውም ድራይቭ ነው፤ ሰርቨሩ መጻፍ በሚችልበት ሁሉ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌርም ይጽፍበታል።

የ11 ዓመት መዝገብ ነበር። ከየት ከየት እንደለቀምነው ልንገርሽ፣ ምናልባት ለማንም ይጠቅማል። ታካሚዎች ቤታቸው ያስቀመጧቸው የማዘዣና የላቦራቶሪ ወረቀቶች፣ ሪፈር ከላክንባቸው ሐኪሞች የተመለሱ ደብዳቤዎች፣ የደም መመርመሪያ ማሽኑ በራሱ ሜሞሪ የያዛቸው የቅርብ ጊዜ ውጤቶች፣ አልትራሳውንዱ ውስጥ የቀሩ ምስሎች። ለወራት የመጣውን ታካሚ ሁሉ ከሀ ሁ ጀምረን ጠየቅን። ያልተመለሰው የሐኪሙ ማስታወሻ ነው። የሚጥል ሕመም ያለበት አንድ ወጣት ነበረን፤ ለስድስት ዓመት መድኃኒት እየቀያየርን፣ መጠን እየጨመርንና እየቀነስን በመጨረሻ የተረጋጋለት። ሌላ ቦታ ሊኖር ሲሄድ የትኛው መድኃኒት ተሞክሮ እንዳልሠራለት፣ የትኛው ሽፍታ እንዳወጣበት ጽፌ እንድሰጠው ለመነኝ። የማስታውሰውን ጻፍኩለት፣ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ባዶ ተውኩት። ያ ባዶ ቦታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እኛ ብቻ አይደለንም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዉድ ራንች ሜዲካል የሚባል አነስተኛ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲሁ ሆኖ፣ የባካፑ ዲስኮችም አብረው ስለተቆለፉ፣ መዝገቡን መልሶ መገንባት አልቻለም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሩን ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የሚባለው የራንሰምዌር ጥቃት እንግሊዝ አገር ሲገባ ከተመቱት ውስጥ 595ቱ የጠቅላላ ሐኪም ክሊኒኮች ነበሩ። ማይክሮሶፍት መከላከያ አፕዴቱን ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ስለዚህ ዳታቤዝ ጠባቂ አሁን አታድርጊ ያለሽን አፕዴት፣ ግልባጩ እጅሽ ከገባ በኋላ አታዘግዪው።

እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ዲስክ ይዤ ነበር የምሠራው። አንዱ ክሊኒክ ሲሆን ሌላው ቤት ነው፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። አንድም ጊዜ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። ሲለዋወጡ እንኳ አዲሱን ይዤ ስመጣ አሮጌው የሚወጣው በዚያው ቀን ነው።


ፋርማሲስት፦

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እኛ የግልባጩን ፎልደር ከጉግል ድራይቭ ጋር አገናኝተነዋል፤ የተጻፈው ሁሉ ራሱ ወደ ክላውድ ይሄዳል። እስካሁን ችግር አላየንም።


ዳታቤዝ ጠባቂ፦

ፋርማሲስት፣ ክላውድ መጠቀማችሁ ጥሩ ነው፤ ሕንፃው ቢቃጠል ያ ቅጂ ይተርፋል። የሚያሰጋኝ ሲንክ መሆኑ ነው። ሲንክ የሚሠራው ሁለቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነው። እዚህ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል፣ እዚህ የተቆለፈው ፋይል ተቆልፎ ወደዚያ ይወጣል፣ የሲስተር ጎዶሎ ፋይልም ቢሆን ጎዶሎ ሆኖ ይላካል። የቆዩ የፋይል ቅጂዎችን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆይ አገልግሎት ያድናችሁ ይሆናል፤ ግን ስንት ቀን እንደሚያቆይላችሁ ሳታውቁ በእሱ አትተማመኑ።

ደግሞ ግልባጩ ሳይቆለፍ ነው የሚሄደው? የታካሚ ገመና ነው። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ነበር፤ መዝገቡ ተሰርቆ እ.ኤ.አ. በ2020 ሌባው ለታካሚዎቹ ለእያንዳንዳቸው እየጻፈ «ካልከፈላችሁኝ ለሐኪማችሁ የነገራችሁትን አወጣዋለሁ» አላቸው። ከ30,000 በላይ ሰው ነው። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ከሰረ። የምንወስደው እያንዳንዱ ቅጂ የሚጠበቅ አንድ ተጨማሪ በር ነው። ስለዚህ ከክሊኒኩ ከመውጣቱ በፊት ይቆለፍ። እኔ የምጠቀመው ሬስቲክ የሚባለውን የባካፕ ፕሮግራም ነው፤ ሳይቆልፍ የሚልከው ነገር የለም፣ በየቀኑም የተለወጠውን ብቻ ስለሚልክ ኢንተርኔቱን አያጨናንቅም። ይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን መልሶ የሚያወጣው ማንም የለም። ክላውዱ ላይ ያለውን አካውንትም ሰርቨሩ እንዲጽፍ እንጂ እንዲሰርዝ አትፍቀዱለት።

ሲስተር፣ ኮምፒውተሩ ለምን አልነገረኝም ላሉት፣ ተናግሮ ይሆናል፤ የተናገረበት ቦታ ማንም ባይኖርስ? ትእዛዙ ሲቆረጥ ስህተቱን ጥቁሩ መስኮት ላይ ይጽፋል፣ መስኮቱ ወዲያው ይዘጋል። ትእዛዞቹ የተጻፉበት ፋይል ውስጥ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ትእዛዝ ካለና እሱ በደህና ካለቀ፣ የተቀጠሩ ትእዛዞችን የሚያስነሳው የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር የሚመዘግበው የሁለተኛውን ደህንነት ነው። በትልልቆቹም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በሚባለው የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ አንድ መሐንዲስ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ መረጃ ሰረዘ። ወደ ባካፑ ሲዞሩ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ ግልባጭ አንሺው ፕሮግራም ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ የ9.2 ሥሪት፣ ዳታቤዙ ራሱ ግን 9.6 ስለነበረ በየቀኑ ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ጋ ውድቅ ይደረጉ ነበር። ያተረፋቸው ለሌላ ጉዳይ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጅ የተነሳ ቅጂ ነው።

ስለዚህ እኔ ሲስተሙ ሲበላሽ ሳይሆን ሲሳካ መልእክት እንዲልክ ነው የማደርገው። ትእዛዙ የመጨረሻውን መስመር ያነባል፣ «ዳምፕ ኮምፕሊትድ»ን ካገኘ ከነመጠኑ ወደ ስልኬ ይልክልኛል። መልእክት ያልመጣበት ጠዋት ሌላ ነገር ሳልነካ ወደ ሰርቨሩ እሄዳለሁ። እንደዚህ ዓይነት ትእዛዝ ጽፌ ልልክልዎት እችላለሁ።


የመረጃ ክፍል ሠራተኛ፦

እህቴ፣ ያደረግሽው ሁሉ ደግ ነው፤ ሦስት ነገር ልጨምርልሽ።

ዳታቤዙ መዝገቡ ሁሉ አይደለም። ስካን ያደረጋችኋቸው የስምምነት ቅጾች፣ ከሌላ ሆስፒታል የመጡ ወረቀቶች፣ ፒዲኤፍ ሆነው የገቡ ውጤቶች በተለመደው አተካከል የሚቀመጡት ከዳታቤዙ ውጪ፣ «ዶክዩመንትስ» የሚል ፎልደር ውስጥ ነው። ዳታቤዙ የሚይዘው የት እንዳሉ ብቻ ነው። ሰነዶቹ ተቆልፈው የሚቀመጡ ከሆነ ደግሞ የሚከፍቷቸው ቁልፎች ከፊሉ ዳታቤዙ ውስጥ፣ ከፊሉ ዲስኩ ላይ ነው፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈቱም። ፎልደሩንም ዳታቤዙንም በአንድ ምሽት ውሰጃቸው። የምስል ሰርቨር ያላችሁ፣ ለምሳሌ ኦርታንክ፣ እዚያም እንዲሁ ነው፤ ምስሎቹ አንድ ቦታ፣ ማውጫቸው ሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ያ ሰባት ቀን ነው፤ በጣም አጭር ነው። እኛ ጋ አንዲት ሠራተኛ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ታካሚዎችን አንድ ሰው መስለዋት ካርዳቸውን አዋሐደችው። የታወቀው ከ23 ቀን በኋላ ነው፤ የደም ግፊት የሌለበት ሰው የደም ግፊት መድኃኒት ታዝዞለት ፋርማሲስቷ ተጠራጥራ ስትመልሰው። ያን ጊዜ የሁሉም ቀን ባካፕ የተዋሐደውን ካርድ ነበር የያዘው። ያዳነን በወሩ መጀመሪያ ለብቻው ያስቀመጥነው ቅጂ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አንስተን የሁለቱን ታሪክ እያየን በእጃችን ለየነው። ስለዚህ የቀናቱን ሰባት ይዘሽ፣ ከየሳምንቱ አንድ ለአምስት ሳምንት፣ ከየወሩ አንድ ቢያንስ ለአንድ ዓመት አስቀሪ። ጥፋት ሁሉ በማግሥቱ አይታወቅም።

ሦስተኛው፣ እስካሁን ያየሽው የፋይሉን ጭራ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ውሰጂና ከኔትወርኩ የተነጠለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሪስቶር አድርጊው፤ ማለትም ከግልባጩ መልሰሽ አንሺው። ከዚያ በፊት ግን ከሰርቨሩ ላይ የታካሚዎችን ብዛት፣ የመጨረሻውን ታካሚ የካርድ ቁጥርና የዕለቱን የመጨረሻ የላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። ላፕቶፑ ላይ ከመጣው ጋር አስተያዪው። የምታውቂያቸውን አምስት ታካሚዎች ክፈቺ፤ ከጀማሪው ሐኪም ይልቅ አንቺ ነሽ አንድ ነገር ሲጎድል የምታዪው። ስትጨርሺ ላፕቶፑን አጽጂው ወይም እንደ ባካፑ ቆልፊበት።


ሲስተር ከክትትል ክፍል፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ የሆነውን ልንገራችሁ፣ የረዳችሁኝ እናንተ ናችሁና።

ሁለት ዲስክ ገዛን። አንደኛው እኛ ጋ ሲሆን ሁለተኛው ዋናው ሐኪም ቤት ነው፤ ዓርብ ዓርብ ይለዋወጣሉ። የቢትሎከሩን 48 አኀዝ ቁልፍ በእጄ ጽፌ ሁለት ፖስታ ውስጥ አሽጌዋለሁ፤ አንዱ ካዝና ውስጥ ነው፣ ሌላው ከክሊኒኩ ውጪ። እኔ ብታመም ወይ ብሄድ ሌላ ሰው እንዲያውቅ የካርድ ክፍሏን ልጅ አስተማርኳት፤ ያለፈውን ሳምንት ሙሉ ባካፑን ያየችው እሷ ናት፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ።

ሪስቶሩን ያደረግነው ባለፈው ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት በከንቱ አለፈ፤ ላፕቶፑ ላይ የጫንነው የማይኤስኪውኤል ሥሪት ከሰርቨሩ ያነሰ ሆኖ ግልባጩን አልቀበልም አለ። ሥሪቱን እኩል አድርገን እንደገና ጀመርን። አሁን ሁለቱም ሥሪት፣ የኦፕንኢኤምአሩም የማይኤስኪውኤሉም፣ ዲስኩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል።

ከዚያ ተነሳ። ወረቀቴ ላይ 11,643 ታካሚ ብዬ ነበር፤ ላፕቶፑም 11,643 አለ። ዋርፋሪን የሚወስዱትን አባት ከፈትኩ፤ አይኤንአራቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተደርድሮ መጣ፣ የሐኪሙ ማስታወሻም ከነምክንያቱ። ደስ ብሎኝ ስካን የተደረገ የስምምነት ቅጻቸውን ስጫን ግን አልከፈት አለኝ። ሌላ ታካሚ ሞከርኩ፣ አልከፈተም። አንድም ሰነድ አይከፈትም። ፎልደሩን በእጄ ነው የገለበጥኩት፣ መጠኑንም አይቻለሁ፤ ምን ጎደለ ብዬ ከሰርቨሩ ጋር ጎን ለጎን ሳስተያይ «ሎግስ ኤንድ ሚስክ» የምትል ንዑስ ፎልደር ላፕቶፑ ላይ የለችም። ለካ ስገለብጥ ሎግ የሚለውን ስም ሳይ ያ ያበጠው የሎግ ሰንጠረዥ ትዝ ብሎኝ «ይቺ አታስፈልግም» ብዬ ትቻታለሁ። የሰነዶቹ ቁልፍ ያለው እሷ ውስጥ ነው። የመረጃ ክፍሏ እህቴ ባትነግሪኝ ኖሮ ቁልፍ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። አምጥቼ ቦታዋ ስመልሳት ቅጹ ተከፈተ፣ ፊርማቸው ታየ።

የመጨረሻ የከፈትኩት የዚያችን ልጅ ነው። ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ከላይ በቀይ ፔኒሲሊን። ካርድ ክፍሏ ልጅ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ እኔ ወረቀቴ ላይ ምልክት አደረግሁ።

የሚቀጥለውን ሪስቶር የዛሬ ሦስት ወር ቀጥረነዋል፤ ያን ጊዜ የምትሠራው እሷ ናት፣ እኔ አልነካም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። አሮጌው ፍላሽ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ጎዶሎ ቢሆንም የሰው ሕመም አለበት፤ ሳይቆለፍ ነው የተጻፈው። ፋይሎቹን ሰርዤ ለሌላ ሥራ ላውለው?


ዳታቤዝ ጠባቂ፦

አያውሉት፣ ሲስተር። ፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል በቀላል ፕሮግራም ይመለሳል። ከላዩ ሌላ ነገር ቢጻፍበት እንኳ ፍላሹ በውስጡ ጽሑፉን ከቦታ ቦታ ስለሚያዘዋውር አሮጌው በሙሉ መጥፋቱን ማረጋገጥ አይቻልም። ሁለተኛውን ሪስቶር በደህና እስክትጨርሱ ድረስ ፖስታ ውስጥ አሽገው ካዝና ውስጥ ያስቀምጡት። ከዚያ ሽፋኑን አውልቀው ውስጡ ያለችውን ጥቁር ቺፕ በመዶሻ ይሰባብሯት፤ የሰባበሩበትን ቀን ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፣ ካርድ ክፍሏ ልጅም ትፈርምበት።